በየቀኑ ለሚነዳ ስፖርት መኪና ሾክ አብዞርበር መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፈጣን መኪና ገዝቶ ሥራ የሚመላለስበት ሰው ሾኩ ሲያልቅበት ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «የድሮውን ዓይነት መልሰህ ግጠም፣ ምን አደከመህ» ይለዋል። ሌላው «አሁን ነው ዕድሉ፣ የሩጫ ሾክ አስገባበት» ይለዋል። ሁለቱም ግን ዋናውን ነገር አልጠየቁትም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትነዳው መንገድ ምን ይመስላል?

እዚህ የተሰበሰቡት መልሶች የሚነሱት ከዚሁ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የመረጥኩት በአውሮፓ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣውን የቮልስዋገን ጎልፍ 7 ጂቲአይን ነው። አውሮፓም አሜሪካም እንደ ልብ ይገኛል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ጠመዝማዛ መንገድ ላይም ያስደስታል። ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ወይም ቢኤምደብሊው 3 ያላችሁም ብዙው ነገር ይሠራላችኋል።

መኪናውን የሚሸከመው ሾኩ ነው?

አይደለም። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይጨመቃል፣ ከዚያ ይለጠጣል፣ ዝም ከተባለ ደጋግሞ ይነጥራል። ሾኩ ይህን ንጥረት ያበርደዋል። ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ክፉ መንገድ ላይ ብዙ የተነዳ መኪና ሾኩ ሲነካ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ መኪናው በአንድ በኩል ዝቅ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሞላው ነው። የተሰበረ ሞላ ይዞ አዲስ ሾክ የሚገዛ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም ያባክናል።

አንድ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል። የመኪናው አካል ሞላው ላይ ሲወዛወዝ በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። ጎማው ግን በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ጥሩ ሾክ ሁለቱንም መቆጣጠር አለበት፤ የሁለቱ ፍላጎት ደግሞ አንድ አይደለም።

ሾኬ ማለቁን በምን አውቃለሁ?

ብዙ ሰው ኮፈኑን በእጁ ጫን አድርጎ ይለቅና መኪናው ስንቴ እንደሚነጥር ያያል። ይህ ሙከራ የሚያጋልጠው ጨርሶ የሞተ ሾክ ብቻ ነው። የስፖርት መኪና ሞላ ጠንካራ ስለሆነ በእጅ ተጭኖ ብዙም አይንቀሳቀስም፤ በግማሽ የደከመ ሾክ በቀላሉ ያልፋል።

የተሻለው ምልክት መንገድ ላይ ነው ያለው። በፍጥነት መንገድ ላይ ድልድይ መገጣጠሚያ ስታልፉ አፍንጫው አንዴ ከፍ ብሎ መርጋት አለበት። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ከዋዠቀ ደክሟል። ኩርባ መሐል የተለጠፈ አስፋልት ሲያጋጥም የኋላው ወደ ጎን ሸርተት ካለም እንዲሁ ነው። ሻካራ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዙ ኤቢኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ቶሎ ቶሎ የሚገባ ከሆነ ጎማው መሬቱን በደንብ አልያዘም ማለት ነው።

ጎማውንም በመዳፋችሁ ዳብሱት። ዙሪያውን ጎድጎድ፣ ጎበጥ የሚል ከሆነ ጎማው እየዘለለ ነው የተበላው። አንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ግን ችግሩ ብዙ ጊዜ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ አሰላለፍ ነው፤ ሁለቱን አታምታቱ።

ሾኩ ላይ ስስ የዘይት ወዝ አቧራ ይዞ ብታዩ አትደንግጡ። ዘንጉ ሲወጣና ሲገባ ትንሽ ዘይት ይዞ መውጣቱ ያለ ነው። ጥርጣሬ ካላችሁ በጨርቅ አድርቁትና ጥቂት ቀን ነድታችሁ ተመልከቱት። ወደ ታች እየወረደ ካረጠበው ፈሷል።

ችግሩ ሾክ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። ሰው ሳያውቀው ይለምደዋል። ስለዚህ ያው ዓይነት መኪና ያለው ወዳጅ ካላችሁ ተቀያይራችሁ አንድ ዙር ንዱ። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል።

በስንት ኪሎሜትር ይቀየራል?

80,000 ኪሎሜትር አካባቢ በደንብ ማስፈተሽ የተለመደ ምክር ነው። ለስላሳ አውራ ጎዳና ላይ የዋለ ከዚያ ብዙ አልፎ ይሄዳል። ጉድጓድ ላይ የዋለ ቀድሞ ያልቃል። ከቁጥሩ ይልቅ ምልክቶቹን እመኑ።

ጠንካራ ሾክ ከሆነ መኪናው የበለጠ መንገድ አይይዝም?

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

የሾክ ጥንካሬ አንድ ቁጥር አይደለም። ፒስተኑ ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ አንድ ጥንካሬ አለው፣ በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ሌላ። እዚህ ጋ ፍጥነት ስል የመኪናውን ሳይሆን የፒስተኑን ነው። መሪ ስትጠመዝዙ መኪናው ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት ይደፋል። በእነዚህ ጊዜ ፒስተኑ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። 120 እየነዳችሁም ሊሆን ይችላል። ጎማው የጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ ግን፣ በ30 ብትነዱም እንኳ፣ ፒስተኑ ይወነጨፋል።

መኪናው ኮስተር ብሎ እንዲታጠፍ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነው። ወገብ የሚያማው ሁለተኛው ነው። ጥሩ ሾክ በዝግታው ጠንከር ይልና በፍጥነቱ ይለቃል። ርካሽ «ስፖርት» ሾክ ሁለቱንም ጠንካራ ያደርገዋል። ሱቅ ውስጥ በእጅ ገፍታችሁ ስትሞክሩት «እንዴት ያለ ጠንካራ ነው» ያሰኛችኋል፤ መንገድ ላይ ግን ጎማው የአስፋልቱን ወጣ ገባ መከተል ስለማይችል ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም አይታዘዝም። እንደ መስታወት በለሰለሰ የውድድር ሜዳ ላይ የሚያፈጥን ሾክ የተለጣጠፈ የከተማ መንገድ ላይ መኪናውን ያዘገየዋል።

ሌላም አለ። ሾክ ሲጨመቅም ሲለጠጥም ይቃወማል። በመለጠጡ በኩል ያለልክ ከጠነከረ፣ ተከታታይ ጉብታ ሲመጣ ሞላው ወደ ቦታው ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል። መኪናው በየጉብታው ትንሽ ትንሽ ዝቅ እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ ባምፕ ስቶፕ የሚባለው የመጨመቂያው ማቆሚያ ላይ ያርፋል። ሹፌሩ «ሾኩ ለሰለሰብኝ» ብሎ የበለጠ ያጠብቀዋል። ነገሩም ይብስበታል።

ስለዚህ ሻጭ «ይህኛው ጠንካራ ነው» ሲላችሁ፣ በምኑ በኩል እንደሆነ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሞኖቲዩብ ይሻላል ወይስ ትዊን ቲዩብ?

ትዊን ቲዩብ ሁለት ቱቦ አለው፤ ፒስተኑ የሚሠራው በውስጠኛው ነው፣ ትርፉ ዘይት በውጨኛው ይቀመጣል። በጋዝ የሚሞላው ዓይነት ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። ርካሽ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የውጨኛው ቱቦ በድንጋይ ጎድጎድ ቢል ብዙም አይጎዳውም። ድክመቱ ሙቀት ላይ ነው። በኃይል ብዙ ሲሠራ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ይይዛል፣ ያኔ ይለሰልሳል።

ሞኖቲዩብ አንድ ቱቦ ብቻ ነው። ዘይቱንና ናይትሮጅን ጋዙን የሚለያይ ተንሳፋፊ ፒስተን አለው፤ ግፊቱ ከ20 ባር በላይ ይደርሳል። ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፣ ባሕርዩ አይለዋወጥም። ሐሳቡ የፈረንሳዊው ደ ካርቦን ነው። የጀርመኑ ቢልስታይን መብቱን ገዝቶ በ1957 እ.ኤ.አ. ለመርሴዲስ ቤንዝ በፋብሪካ ደረጃ ማቅረብ ጀመረ። ድክመቱ፣ ቱቦው በድንጋይ ከተመታ ፒስተኑ ሊቀረቀር ይችላል። በዚያ ሁሉ ግፊት ምክንያት ደግሞ አሮጌውን መብሳት ወይም በእሳት ማሞቅ ክልክል ነው።

የተራራ መንገድ አዘውትሮ ለሚነዳ ወይም አልፎ አልፎ የውድድር ሜዳ ለሚገባ ሞኖቲዩብ ይሻላል። ለከተማ ብቻ ከሆነ ግን ጥሩ ትዊን ቲዩብ ከመካከለኛ ሞኖቲዩብ ይበልጣል።

እሺ፣ ለጂቲአዬ የትኛውን ልግዛ?

መኪናውን እንደወጣ የወደዳችሁትና ያ ስሜት እንዲመለስ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ቢልስታይን ቢ4 ወይም ሳክስ የሚባለው አምራች ሾክ ይበቃችኋል። ይህን ምርጫ የሚንቁ አሉ፤ እኔ አልንቀውም። ባለ 100,000 ኪሎሜትር ጂቲአይ አዲስ የፋብሪካ ደረጃ ሾክ ሲያገኝ ባለቤቱ ሌላ መኪና የገዛ ያህል ይሰማዋል።

ሞላው የፋብሪካው ሆኖ ትንሽ ኮስተር እንዲል የምትፈልጉ ቢ6ን እዩ። ሞኖቲዩብ ነው፣ የፊቶቹ ዘንግ ወደ ታች ተገልብጦ የተሠራ ስለሆነ በኩርባ ላይ ጎንዮሽ ጉልበትን በደንብ ይችላል። ትንንሽ ስንጥቆችን ግን ከቢ4 የበለጠ ያሰማችኋል። ቢ8 ደግሞ የቢ6 አጭሩ ነው፣ ዝቅ ላለ መኪና የተሠራ። ከፍ ባለ ሞላ ላይ ከተገጠመ ጎማው ወደ ታች ሲዘረጋ ቦታ ያጥረውና «ጓ» ይላል። ነገር ግን ከፋብሪካ ዝቅ ብለው ለሚወጡ አንዳንድ መኪኖች ካታሎጉ ራሱ ቢ8ን ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ በግምት ሳይሆን በካታሎግ ግዙ።

የሆላንዱ ኮኒ ሁለት የሚጠቅሙን ዓይነቶች አሉት። ቢጫው ኮኒ ስፖርት ጥንካሬው ይስተካከላል፤ የሚስተካከለው ግን በመለጠጡ በኩል ብቻ ነው። አንዳንዱ ከላይ በቁልፍ ይዞራል፣ አንዳንዱ ለማስተካከል ከመኪናው መውረድ አለበት። ሳትገዙ ይህን አጣሩ፤ በተለይ የኋላውን። ስትጀምሩ ከለስላሳው ጀምሩና ሩብ ዙር ሩብ ዙር ጨምሩ። ሰው ሁሉ ወደ ጠንካራው መጨረሻ ይጣደፋል።

ሌላው ቀድሞ ኤፍኤስዲ ይባል የነበረው ኮኒ ስፔሻል አክቲቭ ነው። ያዙልኝ ያልኩት ቁጥር እዚህ ይገባል። ውስጡ ያለው ቫልቭ ጎማው ቶሎ ቶሎ ሲንቀጠቀጥ ለዘይቱ ተጨማሪ መንገድ ይሰጠዋል፣ አካሉ ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ ግን ይዘጋዋል። ምንም ኤሌክትሪክ የለውም። በየቀኑ ለሚነዳ ጂቲአይ፣ ሞላው የፋብሪካው ከሆነ፣ ሰው ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ የምጠራው ይህን ነው። ሜዳ ለሚገባ ሰው ግን ቢ6 ይሻላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። የጎልፍ የፊት ሾክ በ50 እና በ55 ሚሊሜትር ውፍረት ይመጣል፤ የናንተን የታችኛውን ጫፍ በካሊፐር ለኩት። የሻንጣ ክፍሉ ውስጥ ወይም የሰርቪስ ደብተሩ ላይ ያለው ተለጣፊ ወረቀት ደግሞ የመኪናውን ኮዶች ይዟል፤ ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩለት። «ጎልፍ 7 ነው» ማለት አይበቃም።

ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ብቻ ገዝቼ የፋብሪካውን ሾክ ባቆየውስ?

ይቻላል፣ አልመክረውም። ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ጠንካራ ነው፤ ሲለጠጥም በኃይል ነው። የፋብሪካው ሾክ ለዚያ አልተሠራም። ዘንጉም ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ወደ ባምፕ ስቶፑ ይቀርባል። 30 ሚሊሜትር ዝቅ ካላችሁ ያን ያህሉን የመጨመቂያ ቦታ አጥታችኋል። ሞላ የምትቀይሩ ከሆነ ሾኩን አብራችሁ ቀይሩ። ቢልስታይን ቢ12 የሚባለው ቢ8ን አይባክ ከሚባለው አምራች ሞላ ጋር አስማምቶ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ ነው፤ የማስማማቱን ጣጣ ያስቀርላችኋል።

ኮይልኦቨር ልግጠም?

ኮይልኦቨር ማለት ሾክና ሞላ አንድ ላይ ሆነው የመኪናው ከፍታ የሚስተካከልበት ዕቃ ነው። ከፍታውን ለማስተካከል ምክንያት ካላችሁ ግጠሙ። ለመልክ ብቻ ከሆነ በየቀኑ ትከፍሉበታላችሁ። ኬደብሊው ከሚባለው አምራች ቪ1 ከፍታው ብቻ ነው የሚስተካከለው፣ ቪ2 መለጠጡም ይስተካከላል፣ ቪ3 መጨመቁም ይጨመርበታል። ጥሩ ዕቃ ናቸው። በረዶ ሲጥል መንገዱ ላይ ጨው የሚበተንበት አገር፣ ማለትም እንደ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ወይም ጀርመን ያለ ቦታ የምትኖሩ ግን የቱቦው ጥርስ እንደሚዝግ እወቁ። ከሁለት ክረምት በኋላ የማይንቀሳቀስ «ተስተካካይ» ሾክ ብዙ አለ። የማይዝግ ብረት የሆነውን ምረጡ፣ ከክረምት በፊትና በኋላም አጽዱት።

በጣም ርካሽ የሆነውን ኮይልኦቨር በምንም ምክንያት አትግዙ። በዚያው ገንዘብ ጥሩ ሾክ ይገዛል።

መኪናዬ ዲሲሲ አለው። ተራ ሾክ መግጠም እችላለሁ?

ዲሲሲ ማለት «ኮምፎርት» እና «ስፖርት» እያላችሁ የምትመርጡት፣ ጥንካሬው በኤሌክትሪክ ቫልቭ የሚለወጥ ሾክ ነው። ሾኩ ላይ ሽቦ ካለ አላችሁ ማለት ነው። ተራ ሾክ ከገጠማችሁ ዳሽቦርዱ ላይ የብልሽት መብራት ይበራል፤ በኮምፒውተር ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ለዚህ ሥርዓት ገንዘብ ከፍላችሁበታል። እኔ ብሆን ያንኑ ዓይነት እመልሳለሁ፣ ወይም እንደ ኬደብሊው ዲዲሲ ከመኪናው ሥርዓት ጋር የሚናገር እገዛለሁ። ውድ ነው።

አንዱ ብቻ ነው የፈሰሰው። አንዱን ብቻ ልቀይር?

አይሆንም። ቢያንስ ሁለቱን የፊት ወይም ሁለቱን የኋላ። ግራና ቀኙ የተለያየ መኪና ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል። ዓይነት የምትለውጡ ከሆነ ደግሞ አራቱንም።

ከሾኩ ጋር ሌላ ምን ይቀየር?

ሾኩን ከላይ ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ማውንት፣ የፊተኛው ላይ ያለው ኩሽኔታ፣ ባምፕ ስቶፑና አቧራ መከላከያው። ዋጋቸው ከሾኩ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ትተዋችሁ በኋላ ቢያልቁ ግን የእጅ ዋጋው እንደገና ሙሉ ነው። ቮልስዋገን አንዳንድ ቡሎኖችንና ዳዶዎችን አንዴ ብቻ ይጠቀሙባቸው ይላል፤ እነሱንም አዲስ ግዙ።

ጋራዥ ውስጥ ምን ልከታተል?

ይህ እንደ ምርጫው ሁሉ ከባድ ነው። ጥሩ ሾክ በመጥፎ እጅ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል።

የጎልፍ 7 የፊት ሾክ ከላይ በሦስት ቡሎን ይያዛል። ቡሎኖቹ ከመስታወቱ ሥር ካለው ፕላስቲክ ስር ስለሆኑ ዝናብ መጥረጊያዎቹ መውረድ አለባቸው። ከታች ሾኩ የጎማ መያዣው ብረት ውስጥ ተሰክቶ ነው የሚቆመው። መካኒኩ ስንጥቁ ውስጥ ለዚሁ የተሠራውን ቁልፍ ከትቶ ሩብ ዙር ሲያዞረው ይከፈታል። በመዶሻና በካቻቢቴ ሲታገል ካያችሁት መሣሪያው የለውም።

ዘንጉን በፒንሳ የሚይዝ መካኒክ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። ዘንጉ መስታወት እንደመሰለ መቆየት አለበት። ትንሽ ጭረት ካረፈበት በየውጣ ግባው የዘይት መከላከያውን ጎማ ይፍቃል፣ በጥቂት ወር ውስጥም ይፈሳል። የላይኛውን ዳዶ በኢምፓክት (እየመታ በሚያዞር የሞተር ቁልፍ) ማጥበቅም እንዲሁ ዘንጉን ያሽከረክርና ውስጡን ይጎዳል። በእጅ፣ የማጥበቂያ ጉልበቱን በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ሬንች) ነው የሚጠበቀው።

ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ሌላም ነገር አለ። ጎሚኒ ያለባቸው ቡሎኖች የመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው እንደቆመ ባለው ከፍታ ነው። ክሪክ ላይ ጎማው ተንጠልጥሎ ከተጠበቁ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል። መኪናው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጎሚኒውም ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ አላይመንት፤ ይህን የሚዘል ጎማውን ይበላል።

አዲስ አበባ ነው የምነዳው። ምርጫው ይለወጣል?

ይለወጣል። ኮብልስቶን ማለት ጎማው ያለማቋረጥ የሚንቀጠቀጥበት መንገድ ነው፤ ያ ሁሉ ፈጣኑ እንቅስቃሴ ነው። ለዚያ ለስላሳ ትዊን ቲዩብ ወይም ኮኒ ስፔሻል አክቲቭ ይመቻል። መኪናውን ዝቅ ማድረግ ግን ይቅርባችሁ፤ ብሬከሩ ሥሩን ይፍቀዋል። 19 ኢንች ቸርኬ ካላችሁ ሾክ ከመግዛታችሁ በፊት ወደ 17 ውረዱ። የጎማው ጎን ሲወፍር የሚገኘውን ምቾት የትኛውም ሾክ አይሰጣችሁም።

ፌክ ዕቃም አለ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ሾኩ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ፣ ቁጥሩንም በአምራቹ ካታሎግ ፈልጉት። ጋዝ ያለው ሞኖቲዩብ ማሰሪያው ሲቆረጥ ዘንጉ በራሱ ይወጣል። ተገፍቶ ገብቶ እዚያው የሚቀር ከሆነ ገንዘባችሁን አስመልሱ።

አዲሱ ሾክ ተገጥሞ «ቋ ቋ» ይላል። ምን ይሁን?

መጀመሪያ የላይኛውን ዳዶ፣ ቀጥሎ የስታቢላይዘሩን (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ አስፈትሹ። አብዛኛውን ጊዜ ያልጠበቀ ነገር ነው። ድምፁ መሪ ሲዞር ብቻ ከሆነ የላይኛው ኩሽኔታ ወይም ሞላው በመቀመጫው ላይ በትክክል አልተቀመጠም። የሞላው የታችኛው ጫፍ የመቀመጫውን መቆሚያ መንካት አለበት፤ በባትሪ አብርታችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሾኩን «ብልሹ ነው» ብላችሁ ወደ ሱቅ የምትመልሱት እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው።